ግንብ የሌለው ከተማ፦ አጎቴን ባራራ ያስጎበኘሁበት ቀን

ጎንደር ተወልዶ ያደገ አጎት ያለው ሰው ችግሬ ይገባዋል። ጋሼ አዲስ አበባ በመጡ ቁጥር አንድ ንግግር አይቀርም። መገናኛ ላይ ያለውን ግርግር በመኪና መስኮት ያያሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ይቺ ከተማ እኮ የትናንት ናት" ይላሉ። ፋሲል ግንቡን ሲያቆም እዚህ ጅብ ነበር የሚጮኸው ለማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ጅቡ ዛሬም አለ። የምኖረው የካ አባዶ ነው፤ ማታ ማታ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሲመጡ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ጎንደርን በዕድሜ የሚበልጥ ከተማ ላሳይዎት ነው።"

"አክሱም ልትወስጂኝ ነው?"

"አይ፣ እዚሁ። ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን።"

ሳቁብኝ። አርባ ዓመት ግንበኛ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ካላዩ ታሪክ አይመስላቸውም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ እንግዳ ለሚመጣበትና ከእንጦጦ ፎቶ የዘለለ ነገር ማሳየት ለሚፈልግ ሰው ነው። አንድ ቀን፣ አንድ መኪና፣ አንድ አስጎብኚ ይበቃል። የት እንደተሞኘሁም አልደብቃችሁም።

ከተማው ባራራ ይባላል። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ስሙን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቬኒስ ውስጥ ይኖር የነበረ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ትልቅ ክብ የዓለም ካርታ ሠራ። ካርታው ዛሬም እዚያው ቬኒስ አለ። ኢትዮጵያ ላይ ወንዙም፣ ተራራውም፣ አውራጃውም በስም በስሙ ተጽፏል። ሰውየው አገራችንን አልረገጠም። የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ካህናት በገዛ እጃቸው እየሳሉ እንዳሳዩት ግን እዚያው ካርታው ላይ አስፍሯል። በዝቋላና በመናገሻ ተራሮች መካከል አንድ ከተማ ተስሏል። ያ ባራራ ነው።

ዘመኑ የአፄ ዘርአ ያዕቆብ ነው። ጎንደር የፋሲለደስ መናገሻ የሆነችው በ1628 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፤ እኔ ለጋሼ ሠርቼላቸው ተቆጥተውኛል።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ባራራ እንጦጦ አካባቢ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሌሎች አጥኚዎች እዚሁ አዲስ አበባ ዙሪያ ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። ክርክሩ አላለቀም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥሩ አስጎብኚ ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ካቻምና ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ነበር። አስጎብኚውን በሰው በሰው አገኘነው። ነጭ ስኒከር ተጫምቶ መጣ። ያልገባው ነገር የለም። የምኒልክን የእንጦጦ ቤተ መንግሥት እያሳየን "የአፄ ዳዊት ዙፋን እዚችው ቤት ውስጥ ነበር" አለን። ቤቷ የምኒልክ ዘመን እንጨትና ጭቃ ናት። ማንም አልተከራከረውም፤ እኛም አናውቅማ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደሚያውቀው ምግብ ቤት ወሰደን። ለምሳ የከፈልነው ለእሱ ከከፈልነው በለጠ። የእሱ ምሳ በነፃ ነበር፤ ይህን ከአስተናጋጇ ነው የሰማሁት። ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ውሰደን ስንለው "መንገዱ ተበላሽቷል" አለ። በኋላ ሳየው መንገዱ ምንም አልሆነም። እንዳይበላሽ የተፈራው ስኒከሩ ነው።

ዘንድሮ ተማርኩ። ለሦስት አስጎብኚዎች ደወልኩ፤ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። "ባራራ የት ነው?" አንደኛው "የቱ ባራራ?" አለኝ። ሁለተኛው "እንጦጦ ነዋ፣ ቦታውን በእጄ አስነካሻለሁ" አለኝ። ሦስተኛው ትንሽ ዝም አለና "የትኛውን ሐሳብ ልንገርሽ?" አለ። ሦስተኛውን ያዝኩት።

ታሪክ የተማረ ወጣት ነው፤ የአስጎብኚነት ፈቃዱን ሳልጠይቀው አሳየኝ። ለቀኑ 3,000 ብር ተስማማን። መኪና ከነሾፌሩ ኮንትራት 5,000 ብር ያዝኩ፤ ነዳጅ በእነሱ። ከመነሳታችን በፊት ሁለት ነገር በቴሌግራም ጻፍኩለት። ምሳ የምንበላበትን እኛ እንመርጣለን፤ ሱቅ አንገባም። "እሺ" ብሎ መለሰ። በቃል ከተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ይሻላል። መኪናን በተመለከተ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ረከስ ያለውን ብዬ ቪትዝ ያዝኩ። እንጦጦ ላይ ምንም አላለችም። ወደ ዋሻ ሚካኤል ስንወጣ ግን አቃሰተች፤ ሾፌሩም አብሯት አቃሰተ። ከፍ ያለ መኪና ያዙ።

ከየካ አባዶ የተነሳነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጋሼ ተማርረዋል። አስጎብኚው ግን በሰዓቱ ጉዳይ ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ የገባኝ ላይ ስንደርስ ነው። ጥቅምት ላይ ክረምቱ አየሩን አጥቦ ሄዷል፤ ጠዋት ከሆነ ሩቅ ያለው ተራራ ሁሉ ይታያል። ረፈድ ሲል የከተማው ጭስ ይነሳና ዝቋላን ይውጠዋል። ዝቋላ ካልታየ ደግሞ የዚህ ጉዞ ግማሹ የለም። ክረምት ላይ አትሂዱ፤ ብርዳችሁን ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ነው። ከጎንደር እንኳ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ጋሼ ከመኪና ወርደው ሃያ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ "ድንጋዩን እያየሁ ነው" አሉ። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ቀስ በሉ፤ ጋቢም ያዙ። እኔ በቀጭን ሹራብ ሄጄ ጋሼ ጋቢያቸውን አካፈሉኝ፤ ቀኑን ሙሉም አነሱብኝ።

ከመንገዱ ዳር የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሁለት እናቶች አለፉን። አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ወደ እኛ ዞረ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ባሕር ዛፉን በሙሉ በሐሳብዎ ይንቀሉት።"

"ለምን?"

"ምኒልክ ዘመን ነው የመጣው። ባራራ ሲኖር ባሕር ዛፍ አገራችን አልነበረም። በቦታው ጥድ ይትከሉ፣ ወይራ፣ ኮሶ።"

ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ሞክሩት። ያን ግራጫ ቀጥ ቀጥ ያለ ዛፍ ሁሉ ከፊታችሁ ስታነሱት ተራራው ሌላ ይሆናል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። "ነቀልኩት" አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ደቡብ ወደሚታይበት ገደል አፋፍ ወሰደን። ከቦርሳው በላስቲክ የታሸገ ወረቀት አወጣ፤ የፍራ ማውሮ ካርታ፣ የኢትዮጵያው ክፍል። ጋሼ እንደ ማንኛችንም ሰሜኑን ወደ ላይ ሊያደርጉ ገለበጡት። "እንዳለ ይያዙት፣ አይገልብጡት" አለ። ፍራ ማውሮ ደቡብን ነው ከላይ ያደረገው። እንጦጦ ላይ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙራችሁ ስትቆሙ ካርታውና አገሩ ይገጥማሉ። ፊት ለፊት፣ ከከተማው ጭጋግ ማዶ፣ አናቱ የተቆረጠ የመሰለው ዝቋላ። በስተቀኝ ወጨጫና መናገሻ። በስተግራ የረር።

ጋሼ ካርታውን ያያሉ፣ ቀና ይላሉ፣ እንደገና ካርታውን ያያሉ። አውራ ጣታቸውን ባራራ ላይ አሳረፉና "ታዲያ እኔ የቆምኩት የት ነው?" አሉ።

"ጥያቄው እሱ ነው" አለ አስጎብኚው። "ፓንክረስት ቢኖሩ እግርዎ ሥር ነው ሊሉ ይችላሉ። ሌላው ደግሞ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ይሂዱ ይልዎታል።"

"ግንቡስ?"

እዚህ ላይ ነው ልጁ ክፍያው እንደሚገባው ያሳየው። መሬት ላይ ቁጢጥ አለና ጠጠር መሰብሰብ ጀመረ። አንድ ትልቅ ድንጋይ መሃል ላይ አስቀመጠ። ከፊቱ አንድ፣ በቀኙ አንድ፣ በግራው አንድ፣ ፊት ለፊት ደጅ ላይ አንድ።

"ጋሼ፣ ከተማ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ከተማ ነዋ።"

"ከተመ ካሉት?"

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ "ሰፈረ። ጦሩ ከተመ፣ ይባላል" አሉ።

ለካ ቃሉ ራሱ ይናገር ኖሯል። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት ንጉሡ የከተመበት ነው። ሰፈርም እንደዚያው፣ የሰፈሩበት። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. መጥቶ ስድስት ዓመት ሲቆይ ያየው የአፄ ልብነ ድንግል መናገሻ በአመዛኙ ድንኳን ነው። የንጉሡ ድንኳን መሃል፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ በአቅራቢያው፣ መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው ቀኝና ግራ፣ ገበያው ራቅ ብሎ። ንጉሡ ሲነሳ ከተማው ይነሳል። ሌላ ቦታ ሲተከል ግን ሁሉም የድንኳኑን ቦታ ያውቃል።

ልጁ በጠጠሮቹ ላይ እየጠቆመ ስም ሰጣቸው። ከፊት ያለው ፊታውራሪ። በቀኝ ያለው ቀኛዝማች። በግራ ያለው ግራዝማች። ደጅ ላይ ያለው ደጃዝማች። ይህን ሁሉ ማዕረግ ዕድሜ ልኬን ስሰማ ኖሬያለሁ። የቦታ ስም መሆኑን አስቤው አላውቅም።

ጋሼ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ለመቀመጥ እንኳ ትራስ ይጠይቃሉ። ከመሬት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጡ። በእጃቸው አራገፉት። ከንጉሡ በስተቀኝ፣ ከልጁ ጠጠር ጎን ደልደል አድርገው አስቀመጡት።

"አያቴ ቀኛዝማች ነበሩ" አሉ። "እዚህ ናቸው ማለት ነው።"

ሾፌራችን ሳይቀር ከመኪናው ወርዶ ያይ ነበር።

እንጦጦ ማርያም ላይ ብዙ አልቆየንም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከጎኑ ሙዚየም አለ፣ ቤተ መንግሥቱም እዚያው ነው። የማታውቁት ከሆነ አንድ ሰዓት ስጡት። ለእኔ የሚገርመው ግን አንድ ነገር ነው። ምኒልክ እዚህ የወጡት የቀደሙት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ አለ የሚለውን ትውፊት ይዘው ጭምር ነው። ከዚያ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መኳንንቱም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየማዕረጋቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር ብላችሁ ታክሲ ስትሳፈሩ ያንኑ የድሮ ድንኳን አተካከል እየጠራችሁ ነው።

እንጦጦ ሸንተረር ላይ ባለ አምስት ማዕዘን የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ አለ፤ ፓንክረስትና ጓደኛቸው ለባራራ ያቀረቡት አንዱ ማስረጃ እሱ ነው። እኛ አልሄድንም። መንገዱ በእግር ነው፤ የጋሼን ጉልበት ደግሞ ጠጠሩ ላይ ጨርሰነዋል። እግራችሁ ከቻለ ይህን አስቀድማችሁ ለአስጎብኚው ንገሩት፤ ቀኑን በዚያ ልክ ያስተካክለዋል። ያለ ሰው ግን ጫካው ውስጥ አትግቡ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በሰው የተሞላ ነው፣ ምንም አያስፈራም። ጫካው ሌላ ነው።

ምሳ ሽሮ ሜዳ ወርደን ተጋቢኖ በላን። አስጎብኚው የራሱን ሊከፍል ኪሱ ገባ፤ ጋሼ እጁን ያዙት። ለመንገድ የያዝነው ዳቦ ቆሎ ከሰዓት በኋላ ጠቀመን። ውሃ ብዙ ያዙ። ሽሮ ሜዳ ሳላችሁ ነጠላ ያልያዘች ሴት ካለች እዚያው ትግዛ፤ ቀጥሎ ያስፈልጋታል። ሱቅ አንገባም ያልኩት እኔ ሁለት ነጠላ ገዛሁ። አስጎብኚው አየኝ፣ ምንም አላለም።

ዋሻ ሚካኤል የካ ተራራ ላይ ነው። ቪትዟ የቻለችውን ያህል ወጣች፤ የቀረውን በእግራችን። ዳገቱ አጭር ነው ግን ቀጥ ያለ ነው። ዱላ ለሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም አስፈልጎኝ ነበር። በር ላይ የመግቢያ ይጠየቃል፤ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ደረሰኝም ጠይቁ።

ይህን ቦታ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ባሕር ዛፉን አልፋችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምታዩት ጉድጓድ ነው። ቀረብ ስትሉ ጉድጓዱ ውስጥ ቤት አለ። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዙሪያውን በተቆረጠ መተላለፊያ ከተራራው ተለይቷል። ምሰሶው፣ መስኮቱ፣ በሩ፣ ግድግዳው ሁሉ አንድ ድንጋይ ነው። ጣራው ክፍት ነው፤ ሰማዩ ይገባል። የክረምቱ ውሃ ከአንዱ ጥግ ገና አልደረቀም ነበር፤ ውሃው ውስጥ መስኮቱ ይታያል። ላሊበላ ለመሄድ ገንዘብም ጊዜም ያጣ ሰው ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ የዚያን ሥራ ዘመድ ያገኛል።

ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም። እርጥቡ ድንጋይ ላይ በካልሲ ቆመው ግድግዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የመሮው ምልክት አለ፤ ጎን ለጎን ሰያፍ ሰያፍ ሆኖ ይወርዳል፣ አንዱ ከአንዱ ጣት አይሞላም። ጣታቸውን በምልክቱ ላይ እያስኬዱ እስከ ጥጉ ሄዱ። እዚያ ቆሙ።

"ና ወዲህ" አሉት ልጁን። "ይሄ ሰው ቀኝ እጁን ነው የሚሠራበት። እዚህ ጥግ ላይ ግን ቀኙ አልተመቸውም። እየው፣ መሮው ዞሯል። በግራው ቀየረ።"

አስጎብኚው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ስንት ጊዜ እዚህ መጥቼ ይህን አላየሁም አለ።

"እኔ ግንበኛ ነኝ" አሉ ጋሼ፤ የሚነግሩት ለልጁ ይሁን ለግድግዳው አልታወቀኝም። "ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን ያወጣል፣ ሌላ ያስገባል። ይሄኛው ቢሳሳት ምን ሊያደርግ ነው?"

ቦታውን የሚጠብቁ አንድ አባ መጡና ታሪኩን ነገሩን። አብርሃና አጽብሃ ናቸው ያስፈለፈሉት፣ በአራተኛው መቶ ዓመት። አስጎብኚው እጁን አጣምሮ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከወጣን በኋላ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጥኚዎች 12ኛው ወይም 13ኛው መቶ ዓመት ላይ እንደሚያደርጉት የነገረን።

"ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገርክም?" አልኩት።

"አባን በቤታቸው?"

ይህችን ከታሪክ ዕውቀቱ እኩል ወደድኩለት። አስጎብኚያችሁ ከቄሱ ጋር የሚከራከር ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ እናንተንም በጥሩ ፊት አይቀበሏችሁም። ልብሳችሁን አስተካክሉ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ጫማ ስትባሉ አውልቁ። ካልሲ ተጨማሪ ያዙ፤ ጋሼ እስከ ቤት በእርጥብ ካልሲ ነው የሄዱት።

ቤተ ክርስቲያኑ በባራራ ዘመን አስቀድሞም የነበረ ነው ማለት ነው። ባራራ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሉት ሰዎች ዓይናቸውን ወደዚህ ተራራ ይጥላሉ፤ ከንጉሥ ሰፈር አጠገብ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋምና። ከዚያ በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግል በኢማም አህመድ ተሸነፉ። ተከትሎ በመጣው ጦርነት የሸዋ ቤተ ክርስቲያኖችና መናገሻዎች ተቃጠሉ፣ የነገሥታቱም መቀመጫ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ሄደ። ወደ ጣና፣ በኋላም ወደ ጎንደር።

"እንግዲህ እኛ ጋ ነው የመጣችሁት" አሉ ጋሼ፣ ደስ ብሏቸው። ቀኑን ሙሉ የፈለጉት ይህን ነበር መሰለኝ።

አስር ሰዓት ሲሆን መውረድ ጀመርን። ከዚያ በኋላ እዚያ አትቆዩ። ጨለማው ቶሎ ይመጣል፣ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ጅቡም ከላይ እንደነገርኳችሁ ነው። መኪናው ጋ ስንደርስ ለአስጎብኚው የተስማማነውን ሰጠሁት፣ አምስት መቶ ብር ጨመርኩ። ጋሼ ደግሞ የተረፈውን ዳቦ ቆሎ ከነፌስታሉ አሸከሙት። ካርታውን ሊመልሱለት እጃቸውን ሲዘረጉ "ይያዙት፣ ኮፒ አለኝ" አላቸው።

ወደ የካ አባዶ ስንመለስ ጋሼ ከፊት ወንበር ሆነው ጎንደር ወንድማቸው ጋ ደወሉ። ስልክ ሲያናግሩ ይጮሃሉ። የወዲያኛውን ድምፅ አልሰማሁም፤ የእሳቸውን ግን መንገዱ ሁሉ ሰምቷል።

"አየሁት!... የለም፣ ግንብ የለውም... አዎ፣ ከእኛ ይቀድማል... ቀደመ እኮ ነው የምልህ!... ግንብ ከሌለ በምን አወቅህ? ድንጋይ ደርድሬ ነዋ!"